የአሠራር ድርሰት፦ ከተጣለ ማጫወቻ የሌዘር መብራት መሥራት

ባለፈው ትምህርት ስለ ትረካ ድርሰት ተምራችኋል። በትረካ ውስጥ ጸሐፊው ከፈለገ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ከፈለገም ከመካከል ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ አንባቢው አይጐዳም፤ እንዲያውም ይደሰት ይሆናል። ዛሬ የምንማረው የአሠራር ድርሰት ግን ይህን ነጻነት አይሰጥም። የአሠራር ድርሰት አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለሌላ ሰው የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። አንባቢው ጽሑፉን ከፊቱ ዘርግቶ ዐረፍተ ነገሩን ባነበበ ቍጥር እጁን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የዐረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል የእጁ ቅደም ተከተል ይሆናል።

ለምሳሌ የመረጥነው ሥራ በእጅ የሚሠራ አነስተኛ የሌዘር መብራት ነው። የመረጥነውም ስለሚያስደንቅ ብቻ አይደለም፤ በቅደም ተከተሉ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ዐይን የሚያጠፋ ስለ ሆነ ነው።

ዕቃው ከሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። በአዲስ ከተማ ያለው መሳለሚያ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በእህል በረንዳ ነው፤ ከዚያ ወደ መርካቶ ውስጥ የዘለቀ ሰው ግን ምናለሽ ተራን ያገኛል። «ቆራሌው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች የሚሰበስቡት አሮጌ ዕቃ የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአማርኛ ፊልምና ዘፈን በሲዲና በቪሲዲ ይሸጥ ነበር፤ በብዙ የከተማ ቤቶችም የዲስክ ማጫወቻ ነበረ። ዛሬ ፊልሙም ዘፈኑም በስልክ ስለሚገኝ ማጫወቻው ከክብር ቦታው ወርዶ ከቍርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቋል። ሞተሩ ደክሞ ወይም ላስቲኩ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያለው የሌዘር ዳዮድ ግን ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብርሃን አመንጪው ቅንጣት ራሱ በእህል በረንዳ ከሚሸጠው የጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው።

ሌዘር ምንድር ነው? ከእጅ ባትሪ የሚወጣው ብርሃን ከገበያ እንደሚበተን ሕዝብ ነው፤ ሁሉም በየአቅጣጫው፣ በየራሱ እርምጃ ይሄዳል። የሌዘር ብርሃን ግን አንድ ዐይነት ቀለም ይዞ፣ እርምጃውን አስተካክሎ፣ ባንድ አቅጣጫ ይጓዛል። አልበርት አይንስታይን አንዱ ብርሃን ሌላውን መሰሉን ቀስቅሶ ሊያስወጣ እንደሚችል በ1917 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 እ.ኤ.አ. ከቀይ ዕንቍ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌዘር ከዳዮድ ወጣ። ሙዚቃ የሚያጫውተው የሲዲ መሣሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል ያ ዳዮድ ወደ ሰው ቤት ገባ።

አሁን ወደ ሰዋስው እንለፍ። ለዚህ ሥራ መፍቻ፣ መበየጃ፣ መለኪያ፣ መቈጣጠሪያ፣ ማቀዝቀዣና መከላከያ ያስፈልጋሉ። ስሞቹን አስተውሉ። ሁሉም የመሣሪያ ስሞች ናቸው፤ ሁሉም ከንዑስ አንቀጽ የተገኙ ናቸው። የሰፈሩም ስም የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። «መሳለም» ከሚለው ንዑስ አንቀጽ «መሳለሚያ» የሚለው የቦታ ስም ይወጣል፤ የሚሳለሙበት ቦታ ማለት ነው። «ም» ወደ ሣልስ ተለውጦ «ሚ» ሆነ፤ «ያ» ተጨመረበት። «መቈጣጠር» እንደዚሁ «መቈጣጠሪያ» ይሆናል። ነገር ግን መጨረሻው ድ፣ ዝ፣ ጥ፣ ስ፣ ን ወይም ል ሲሆን ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። መበየድ፦ መበየጃ፤ ማቀዝቀዝ፦ ማቀዝቀዣ፤ መቁረጥ፦ መቁረጫ፤ መከላከል፦ መከላከያ። በ«ት» ከሚጨርሱት ብዙዎቹ ደግሞ «ት»ን ይጥላሉ፤ «መለካት» «መለኪያ» ሲሆን «መፍታት» ግን «መፍቻ» ይሆናል፤ የቀረው «ታ» ወደ «ቻ» ስለሚዞር ነው። በገበያ ካቻቪቴና ፒንሳ የሚባሉት ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሠሪው ሁሉ ስለሚያውቃቸው በድርሰታችሁ ብትጠቀሙባቸው አታፍሩ። አንባቢ የማያውቀውን አዲስ ቃል ፈጥሮ ከማደናገር የታወቀውን መጻፍ ይሻላል።

የሚከተለው አንቀጽ ለትምህርቱ ሲባል የተዘጋጀ ነው። በጥንቃቄ አንብቡት።

ምሳሌ አንድ። «ዳዮዱን ከሽቦዎቹ ጋር በየድሁት። ከዚያ ባትሪውን አገናኘሁ። ምንም ብርሃን ስላልታየኝ ቀረብ ብዬ ተመለከትሁ። ሽቦውን ባስተካከልሁት ጊዜ ቀይ ነጥብ በግድግዳው ላይ በራ። ሌንሱን እያዞርሁ ነጥቡን አጠበብሁት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሌዘር መነጽር ማጥለቅ ያስፈልጋል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ይስማማሉ፤ ነጥቡ በየቦታው ነው። መነጽር ያስፈልጋል ማለቱም እውነት ነው። ሆኖም ድርሰቱ የተበላሸ ነው። አንባቢው «ከዚህ ሁሉ በፊት ግን» ወደሚለው ሲደርስ ባትሪውን አገናኝቷል፤ ቀረብ ብሎም ተመልክቷል። የዐይን ሌንስ የገባበትን የሌዘር ብርሃን በሬቲና ላይ ሰብስቦ እስከ 100,000 ጊዜ ያህል ያጠነክረዋል። ሬቲና ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው የተቃጠለው ሰው ወዲያው ላያውቅ ይችላል። አንዴ የሞተው የሬቲና ክፍልም አይመለስም።

ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ እዩት፤ ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ብርሃን ስላልታየው ቀረበ። ሰው እንዲህ ማድረጉ ተፈጥሮው ነው፤ የማይበራ ፋኖስ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። የዲቪዲ ብርሃን 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ሲሆን የሲዲ ብርሃን 780 ናኖሜትር ስለ ሆነ ለዐይን ከሞላ ጎደል አይታይም። በብዙ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ውስጥ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። ሠሪው ሳያውቅ የሲዲውን አብርቶ «አልሠራም» ሊል ይችላል። ደማቅ ብርሃን ሲመጣ የዐይን ቆብ በሩብ ሴኮንድ ያህል ይከደናል፤ ላልታየ ብርሃን ግን አይከደንም። ዲስክ ከሚቀርጽ መሣሪያ የሚወጣው ዳዮድ ደግሞ ከ100 ሚሊዋት ሊበልጥ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ለእጅ መጠቆሚያ በብዙ አገሮች የሚፈቀደው ከ5 ሚሊዋት አይበልጥም። ለዚህ ኃይል የዐይን ቆብም ፍጥነት አይበቃም።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያውን ከድርጊቱ በፊት ለማምጣት ቋንቋችን ምን ይሰጠናል? በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በመጨረሻ ይመጣል። ይህ ለአሠራር ጸሐፊ ትልቅ ረዳት ነው። «መነጽሩን ሳታጠልቁ ባትሪውን አታገናኙ» ስንል አንባቢው «አታገናኙ» ወደሚለው ከመድረሱ በፊት መነጽሩን አስቧል። «ሳ»፣ «ከ... በፊት»፣ «ከ... በኋላ»፣ «እስከ... ድረስ» የሚሉት አገባቦች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው።

ቦዝ አንቀጽም ያገለግላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። «መነጽሩን አጥልቃችሁ ባትሪውን አገናኙ» እና «ባትሪውን አገናኝታችሁ መነጽሩን አጥልቁ» የሚሉትን አስተያዩ። ቃላቱ አንድ ናቸው። ሰዋስውም ሁለቱን እኩል ይቀበላል። ሰዋስው ሊነግራችሁ የማይችለውን ሥራውን ማወቅ ብቻ ይነግራችኋል።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ተማሪዎች የአሠራር ድርሰት ሲጽፉ «ይፈታል፣ ይበየዳል፣ ይገናኛል» እያሉ በተገብሮ ግሥ መጻፍን ይወዳሉ። ለተራው እርምጃ ይህ አያስከፋም። በእኔ አስተያየት ግን ማስጠንቀቂያ ሲሆን አይበጅም። «መነጽር ይጠለቃል» ቢባል ማን ነው የሚያጠልቀው? አንባቢው ሌላ ሰው ይመስለዋል። «አጥልቁ» በሉት።

ምሳሌ ሁለት። «ይህ ሥራ የሚጀመረው ለ650 እና ለ780 ናኖሜትር ብርሃን የተሠራ የሌዘር መነጽር ሲኖርና ሥራውን የሚያውቅ አዋቂ አብሮ ሲቆም ብቻ ነው፤ የፀሐይ መነጽር አይከላከልም። ማጫወቻውን ከሶኬት ሳትነቅሉ ክዳኑን አትንኩ። ከነቀላችሁትና ጥቂት ደቂቃ ካቈያችሁት በኋላ ብሎኖቹን ፈትታችሁ ሌንሱን የተሸከመውን ክፍል አውጡ። ዳዮዱን ከመያዛችሁ በፊት ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ንኩ፤ በልብሳችሁ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለእናንተ ባይሰማችሁም ዳዮዱን ሊገድለው ይችላል። ዳዮዱን ያለ መቈጣጠሪያ ከባትሪ ጋር ብታገናኙት ሲሞቅ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ብዙ ሲስብ የባሰ ይሞቅና ይቃጠላል። ኤልኤም 317 የተባለው መቈጣጠሪያ 1.25 ቮልትን በሬዚስተሩ ኦም አካፍሎ የማይለወጥ የኮረንቲ መጠን ይሰጣል። ሬዚስተሩ 62 ኦም ቢሆን መጠኑ 20 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ በዚህ ዝቅተኛ መጠን ጀምሩ። በሌዘሩ ፈንታ ሌሎች ተራ ዳዮዶች አስገብታችሁ መጠኑን በቴስተር ለኩ። ልኩ ትክክል ከሆነ ባትሪውን ነቅላችሁ ሌዘሩን በየዱ፤ ባትሪው እንደ ተገናኘ ሌዘሩን የሚበይድ ሰው ሌዘሩን ያቃጥለዋል። መስተዋትና የሚያብረቀርቅ ብረት ከክፍሉ አውጡ፤ ሌንሱንም ከዐይን ከፍታ በታች ወዳለ፣ ወደማያብለጨልጭ ጥቁር ግድግዳ አዙሩ። መነጽሩን አጥልቃችሁ፣ በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ማጥለቁን አይታችሁ፣ በመጨረሻ ባትሪውን አገናኙ። ነጥቡ ባይታይ ባትሪውን ሳትነቅሉ አትጠጉ፤ ወደ ሌንሱ በምንም ምክንያት አትመልከቱ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጕድለት ቀርቷል፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ጥሩ መነጽር ቀዩን ብርሃን ስለሚያስቀር መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ነጥቡን ሊያይ አይችልም፤ ቢያይም በጭላንጭል ነው። ስለዚህ ሠሪው መብራቱን ለማየት ሲል መነጽሩን ለማውለቅ ይፈተናል። ነጥቡን በግድግዳው ላይ በስልክ ካሜራ መመልከት ይቻላል፤ ስልኩ ወደ ግድግዳው ብቻ ይዞራል እንጂ ወደ ሌንሱ አይዞርም። ይህን የሚነግር ዐረፍተ ነገር በምሳሌ ሁለት ውስጥ የት መግባት ይገባዋል? ቦታውን ስትፈልጉ አንባቢው መነጽሩን ለማውለቅ የሚያስብበትን ቅጽበት አስቡ፤ ዐረፍተ ነገሩ ከዚያ ቅጽበት መቅደም አለበት።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት ንዑስ አንቀጾች የመሣሪያ ወይም የቦታ ስም አውጡ፤ የትኞቹ እንደ «መሳለሚያ»፣ የትኞቹ እንደ «መበየጃ» እንደ ሆኑም ለዩ፦ መንቀል፣ መጥረብ፣ መቅረጽ፣ መልበስ፣ መክደን፣ ማረፍ።

2. ከላይ የተነገረውን ጕድለት የሚያሟላ አንድ ዐረፍተ ነገር «ሳ» የሚለውን አገባብ ተጠቅማችሁ ጻፉና ከምሳሌ ሁለት ውስጥ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር በፊት እንዳገባችሁት ግለጹ።

3. በምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራል። አሠራሩን ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ አንብቡለት፤ «ቆይ፣ ይህን ቀደም ብለህ መንገር ነበረብህ» ወይም «ነበረብሽ» ካላችሁ ዐረፍተ ነገሩን ወደ ቦታው መልሱት።