የልጅዎ ዓይን ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ

በክርስትና ወይም በልደት ፎቶ ላይ የሕፃኑ አንድ ዓይን ቀልቶ፣ ሌላው ግን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ካበራ «ካሜራው ነው» ብለው አይለፉት። ረቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በዚህ መልክ ነው። በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን የሚይዘው ይህ በሽታ ከዓይን ሳይወጣ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ከ4,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቀው ልጁ 14 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ በድሃ አገሮች ግን ሁለት ዓመት ተኩል ሲያልፈው ነው። ያ የባከነ ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል።

1. ደጋግመው ፎቶ ያንሱ። ክፍሉን ያጨልሙ፣ የስልኩን ፍላሽ ያብሩ፤ የዓይን ቅላትን የሚያስተካክል ምርጫ ካለው ያጥፉት። ጥቂት ሜትር ራቅ ብለው ልጁ ቀጥታ ሲያይ፣ ቀጥሎም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያይ ያንሱት። ጤናማ ብሌን ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ የዓይን ነርቭ ላይ ካረፈ ጤናማ ዓይንም ሊነጣ ይችላል፤ የሞራ ግርዶሽም ያነጣል። ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው። ልጁ በረቲኖብላስቶማ የተያዘበት ብራያን ሾው የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በስልክ ፎቶ ነጩን የሚለይ መተግበሪያ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ላይ ምልክቱ በቤተሰብ ፎቶዎች ውስጥ ከምርመራው በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ይታይ ነበር።

2. ፎቶው ደህና ቢሆንም ሌላውን ያስተውሉ። አዲስ የመጣ ሸውራራነት፣ የማይለቅ ቅላት፣ የዓይን ማበጥ ካለ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም።

3. ሳይዘገዩ ይሂዱ። ፎቶውን አያጥፉት፤ ለሐኪሙ ያሳዩት። ጤና ጣቢያው ጠብታ ሰጥቶ ሊመልስዎ ቢል፣ ብሌኑ በመድኃኒት ሰፍቶ ውስጡ ወደሚታይበት የዓይን ሕክምና ክፍል ሪፈር ይጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና፣ ጥቁር አንበሳ ደግሞ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና አላቸው።

4. ምርመራውን አይፍሩት። ሕፃን ዝም ብሎ ስለማይታይ በማደንዘዣ ይተኛል፤ አልትራሳውንድ በዓይኑ ውስጥ ባለው የካንሰር እብጠት ያለውን ካልሲየም ያሳያል፤ ኤምአርአይ ካንሰሩ ወደ ነርቩ ማለፉን ይመረምራል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ሳይወስድ ካንሰር ነው ካለዎት ሥራውን አጓድሎ አይደለም፤ ዓይኑን መውጋት ካንሰሩን ሊዘራው ይችላል።

5. ስለ ሕክምናው ሲወስኑ። ትንሹ እብጠት በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ይጠፋል፤ ተለቅ ያለው በኬሞቴራፒ ይቀንሳል። ካንሰሩ ዓይኑን ከሞላው ግን ሐኪሞች ዓይኑ ይውጣ ይላሉ። ብዙ ወላጅ ልጁን ይዞ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሐዘኑ ይገባኛል። ቢሆንም ያ ዓይን በአብዛኛው ማየት ያቆመ ነው፤ በቦታው ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባል፣ ልጁ በቀረው ዓይኑ ይማራል፣ ይጫወታል። ጠበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጎን ለጎን ይሁን። ካንሰሩ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መንገድ ስላለው ሕክምናውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ለእሱ ጊዜ መስጠት ነው።

6. ወንድምና እህቶቹንም ያስመርምሩ። ከ10 ታማሚ ልጆች በ4ቱ ገደማ በሽታውን ያመጣው የጂን ጉድለት ሊተላለፍ በሚችል መልኩ በመላ ሰውነታቸው አለ፤ አርቢ 1 የሚባለው ይህ ጂን የተለየው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በቤተሰቡ ከዚያ በፊት ማንም ያልታመመ መሆኑ ዋስትና አይሆንም። በቤትዎ ሌላ ሕፃን ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱንም ይዘው ይሂዱ።