ጉንፋንን በሳሙና እንከላከል
በኅዳር 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1918) «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰዎችን ፈጅቷል። በዚሁ መታሰቢያነት ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድ ቆይቷል። መጥረጉ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ጉንፋን የሚተላለፈው በትንፋሽና በእጅ ነውና።

እኛ የጎፋ ነዋሪዎች ከቤታችን እንጀምር። ውዱእ እጅ መታጠብን አስለምዶናል፤ ከምግብ በፊትና ከተናፈጥን በኋላ ደግሞ ለ20 ሴኮንድ በሳሙና እንታጠብ። ስናስነጥስ አፍና አፍንጫችንን በክንዳችን እንሸፍን፤ መስኮት እንክፈት።

ከልጆቿ ጋር በአንድ ክፍል የምታድር የየቲሞች እናት ከታመመች የዕለት ገቢዋ ይቋረጣል። ስለዚህ ለየቲሞች ከምንሰጠው ደብተርና ልብስ ጋር ሳሙና እንጨምር። አላህ ሁላችንንም በጤና ይጠብቀን።