ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ «ነው» እና «ይመስላል»

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለብዙ ዓመታት የተለየን ወዳጅ ጠጕሩ ቢሸብት፣ ፊቱም ቢከሳ ለይቶ ማወቅ ለሰው ብዙ አያዳግትም። ለኮምፒዩተር ግን ቀላል ሥራ አይደለም። ፎቶግራፍ ለኮምፒዩተር የቁጥሮች ክምችት እንጂ ፊት አይደለምና።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ሥዕልን ወደ ግራፍ መለወጥ ነው። ግራፍ ማለት በመስመሮች የተያያዙ ነጥቦች መረብ ነው። በፊት ላይ ዐይኖች፣ አፍንጫና አፍ ነጥቦች ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በመስመር ይወከላል። ከዚያም የአንዱ ፎቶግራፍ ግራፍ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል፤ ዐይን ከዐይን፣ አፍንጫ ከአፍንጫ ይጣመራል።

ይሁን እንጂ ሁለት ግራፎች በትክክል የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው። ሰው ሲስቅ አፉ ይሰፋል፤ ዘወር ሲል አንድ ዐይኑ ይሸፈናል። ስለዚህ ፊሽለርና ኤልሽላገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የፊትን ክፍሎች በሞላ እንደ ተያያዙ አድርገው ገለጿቸው። ሞላው ጥቂት ቢለጠጥ ጥቂት ቅጣት፣ ብዙ ቢለጠጥ ብዙ ቅጣት ይቈጠራል። ጠቅላላ ቅጣቱ ያነሰው አቀማመጥ ይመረጣል።

ሁለተኛው ችግር የአማራጮች ብዛት ነው። ዐሥር ነጥቦችን ከሌሎች ዐሥር ነጥቦች ጋር አንድ ለአንድ ለማጣመር 3,628,800 መንገዶች አሉ። ነጥቦቹ ሃያ ቢሆኑ፣ በየሴኮንዱ አንድ ቢሊዮን አማራጮችን የሚመረምር ኮምፒዩተር እንኳ ሥራውን ለመጨረስ 77 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት ሁሉን ከመመርመር ይልቅ ጥሩውን በፍጥነት የሚያገኙ የግምት ዘዴዎች ተፈለጉ። ጎልድና ራንጋራጃን እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ዘዴ እያንዳንዱ ነጥብ በመጀመሪያ ለብዙዎች በከፊል ይታጫል፤ ስሌቱ በተደጋገመ ቍጥር የተስማማው ጥምረት እየጠነከረ፣ ያልተስማማው እየደከመ ይሄዳል።

የግምት ዘዴ ጊዜን ይቈጥባል፤ ነገር ግን ከቀረቡለት መካከል የተሻለውን ያሳያል እንጂ ተፈላጊው በመካከላቸው መኖሩን አያረጋግጥም። ይህን መዘንጋት ሰውን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ፣ ከዚህ በተለየ ዘዴ ፊትን የሚለይ ኮምፒዩተር የሰጠውን ጥቆማ መነሻ አድርጎ አንድን ሰው በስርቆት ጠርጥሮ አሰረ። ሰውየው ሌባው አልነበረም፤ ክሱም ተነሣ። ኮምፒዩተሩ «ይመስላል» ያለውን ሰዎች «ነው» ብለው ተቀብለውት ነበር።

ለ. ሰዋስው፦ የእርግጠኝነትና የግምት አነጋገር

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ፎቶግራፉ የእርሱ ነው።
2. ፎቶግራፉ የእርሱ ሳይሆን አይቀርም።
3. ፎቶግራፉ የእርሱ ሊሆን ይችላል።
4. ፎቶግራፉ የእርሱ ይመስላል።

የመጀመሪያው እርግጠኝነትን ይገልጻል። ሁለተኛው ጠንካራ ግምት ነው፤ ሁለት አሉታዎች ቢኖሩትም ፍቺው አዎንታዊ መሆኑን ልብ በሉ። ሦስተኛው የሚቻል መሆኑን ብቻ ያመለክታል። አራተኛው ተናጋሪው ያየውን እንጂ ያረጋገጠውን አይነግረንም። ጸሐፊ ከማስረጃው በላይ የሚናገር ማሰሪያ አንቀጽ መጠቀም የለበትም።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ መሠረት ሁለት ግራፎች በትክክል የማይገጥሙት ለምንድን ነው?
2. «ሞላ»፣ «ይታጫል» እና «ጥቆማ» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጻፉ።
3. «ሌባው እርሱ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሦስት የተለያዩ የግምት አነጋገሮች ለውጣችሁ ጻፉ።
4. ከሩቅ ያያችሁትን ሰው በሌላ ሰው የተሳሳታችሁበትን አጋጣሚ በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ያያችሁትን ከገመታችሁት ለይታችሁ አመልክቱ።