የፊልሙ ሀብትና የዕቃ ቤቱ ቅርስ፦ የአርኪዮሎጂ ጀብዱ ፊልሞች ከቢቸናና ከሞጣ ሲታዩ

መግቢያ

ጥንታዊ ሀብት ፍለጋን የሚተርኩ የጀብዱ ፊልሞች ለብዙ ተመልካች ስለ አርኪዮሎጂ የመጀመሪያውን ሥዕል ይሰጣሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከዘርፉ እጅግ የታወቀውን፣ በስቲቨን ስፒልበርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1981 የቀረበውን «ሬይደርስ ኦቭ ዘ ሎስት አርክ» መነሻ በማድረግ፣ ፊልሙ «ሀብት» ለሚለው ነገር የሚሰጠውን ትርጉም ይመረምራል፤ ትርጉሙንም በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ከሚገኙ ቅርሶች ጋር ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የፊልሙ ታሪክ የሚንቀሳቀሰው ሀብቱ ባለቤት አልባ ሆኖ ሲቀርብ ነው፤ ይህ እሳቤ ባለቤትና ጠባቂ ባለው ቅርስ ላይ ሲጫን ግን ዝርፊያን «ግኝት» ያሰኛል።

የ«ጠፋችው» ታቦት

በፊልሙ ትረካ ታቦተ ጽዮን በንጉሥ ሺሻቅ ወደ ግብፅ ተወስዳ በታኒስ ከተማ ከአሸዋ ሥር ተቀብራ ትገኛለች። ክብረ ነገሥት በበኩሉ በቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መምጣቷን ይተርካል፤ በአክሱም ጽዮን እንደምትገኝም ትውፊቱ ያስተምራል። ፊልሙ ይህን ትውፊት አያነሣውም፤ ቢያነሣውም የታሪኩ መዋቅር ይናጋ ነበር። ማደሪያዋ በስም የሚጠራ፣ ጠባቂ የተሾመላት ታቦት ምስጢራዊ ካርታ አያስፈልጋትም፤ ፈላጊው ጀግናም ሥራ ያጣል።

ታሪኩ የተቀመጠበት ዘመንም ትኩረት ይሻል። እ.ኤ.አ. 1936 ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን የያዘበት ዓመት ነው። በተከታዩ ዓመት የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም ተጋዘ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን ዳግም የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የናዚዎችን ዝርፊያ በልብ ወለድ ሲያሳይ፣ በዚያው ዘመን በእውን የተፈጸመው የአክሱም ዝርፊያ ከትረካው ውጭ ቀርቷል።

ዘራፊውና ተመራማሪው ሁልጊዜ ተለያይተው አለመቆማቸውን ደግሞ መቅደላ ይመሰክራል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዘመተበት ወቅት የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ በአርኪዮሎጂ ባለሙያነት አብሮ ተጉዟል። ከመቅደላ ከተወሰዱት ንዋያተ ቅድሳት መካከል 11 ታቦታት በሙዚየሙ ለዕይታ ሳይቀርቡ ተቀምጠው ይገኛሉ። በፊልሙ መጨረሻ ታቦቷ በሣጥን ታሽጋ በመንግሥት መጋዘን ውስጥ ትከማቻለች፤ ይህ ትዕይንት ከመቅደላ ታቦታት ዕጣ ጋር ይመሳሰላል። በአጥቢያው ያለ ታቦትም ከሕዝብ ዓይን የተሰወረ ነው፤ ሆኖም በጥምቀትና በንግሥ በዓል ተሸፍኖ ይወጣል፣ ሕዝቡም ያጅበዋል። ሙዚየሙ መሰወሩን ጠብቆ ከአጃቢው ለይቶታል።

ቢቸናና ሞጣ፦ ጠባቂ ያለው ሀብት

በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ደብረ ወርቅ ማርያም፣ እንዲሁም በእነብሴ ሳር ምድር የሚገኘው መርጡለ ማርያም የአካባቢው ታላላቅ የቅርስ ማደሪያዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነት አድባራት ቅርስ የሚጠበቅበት ሥርዓት አለ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊነት የታወቀ ነው፤ ቁልፉም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች እጅ ይቀመጣል። በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር መመዝገብም የቆየ ልማድ ነው። ፊልሙ ካርታ በሚያስቀምጥበት ቦታ እዚህ ያለው መዝገብ ነው፦ ዕቃውን ማን እንደሰጠና ለየትኛው ደብር እንደሰጠ ይናገራል። ዕቃው ቢሰረቅ የባለቤትነት ማስረጃ የሚሆነውም ይኸው ጽሑፍ ነው።

መርጡለ ማርያም የአርኪዮሎጂን እውነተኛ ጥያቄ በግልጽ ያሳያል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንግሥት እሌኒ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተጎድቷል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሥፍራው ግንባታ አካሂደዋል። በፍርስራሹ ላይ የሚታዩት የድንጋይ ቅርጻ ቅርጾች የየትኛው ዘመን እንደሆኑ ለመለየት የሚረዳው የድንጋዩ አቀማመጥና የአፈሩ ንብርብር ነው። ወርቅ ፍለጋ የሚቆፍር ሰው አንዳች ባያገኝ እንኳ ይህን ማስረጃ ለዘለዓለም ያጠፋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስን መፈለግ የከለከለውና በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ሳይነካ ለባለሥልጣኑ እንዲገለጽ ያዘዘው እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመግታት ነው።

ሌላው ማነጻጸሪያ በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በቀረበው በዚሁ ፊልም ተከታይ ክፍል ውስጥ ጀግናው የገመድ ድልድይ ቆርጦ ጠላቶቹን ወደ ገደል ይጥላል። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለገበያና ለዝምድና በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። በፊልሙ የአንድ ደቂቃ ትዕይንት የሆነው አደጋ በሰባራ ድልድይ የኑሮ ክፍል ነበር። ድልድዩን ቅርስ ያደረገው የድንጋዩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ይህ የመሻገር ታሪክም ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

የጀብዱ ፊልሞች ለጥንታዊ ዘመን ጉጉትን መቀስቀሳቸው ሊናቅ አይገባም። ጉጉቱ ግን «ሀብቱ የት አለ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሲቆም ዕቃ ቤቱን ለሌባ፣ ፍርስራሹን ለቆፋሪ ያጋልጣል። ስለዚህ በትምህርት ቤቶችና በቅርስ ክበባት ፊልሞቹ ሲታዩ ሌሎች ጥያቄዎችም አብረው ሊቀርቡ ይገባል፦ ዕቃው የማን ነበር? ከቦታው ሲነሣ ምን ዕውቀት አብሮት ጠፋ? ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ቅርብና አስቸኳይ ሥራ አለ፤ ይኸውም በአድባራቱ ፈቃድና በጠባቂዎቹ ተሳትፎ በወንጌሎቹ ገጾች ላይ ያሉትን የንዋያት ዝርዝሮች ማንበብና ዛሬ በዕቃ ቤት ካለው ጋር ማመሳከር ነው። ከዝርዝሩ ጎድሎ የሚገኘው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ፍለጋ ይጀምራል፤ የፍለጋው መድረሻም ዕቃው የወጣበት ደብር ይሆናል።