ገበያዋን ያጣች ከተማ

መንገደኛ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ የሄደበትን አገር ግንብና ተራራ ተመልክቶ፥ «መልካም አገር ነው» ብሎ የሚመለስ ነው። ይህ ሰው ያየውን ለመናገር ይችላል፤ የተማረው ነገር ግን የለም። ሁለተኛው ግንቡን ባየ ጊዜ ማን እንደ ሠራው፥ ሠሪውም በምን ድካም እንደ ፈጸመው፥ ከዚያም በፊት በስፍራው ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሻንጣው ባይከብድም ልቡ ሞልቶ ይመለሳል። ሚተንቫልድ የምትባለው የባቫሪያ ከተማ በሯ ለሁለቱም መንገደኞች ክፍት ነው፤ ለሁለቱ የምትሰጠው ግን እኩል አይደለም።

ባቫሪያ በጀርመን አገር በደቡብ በኩል ያለ ሰፊ ግዛት ነው፤ ዋና ከተማውም ሙኒክ ይባላል። ከሙኒክ ተነሥቶ በባቡር ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሜዳው ያልቅና አልፕስ በሚባሉት ታላላቅ ተራሮች መካከል ይገባል። የባቡሩ ሐዲድ እስከዚያ የተዘረጋው በ1912 ዓ.ም. ነው። በዚህ ትምህርት የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሚተንቫልድ በኢዛር ወንዝ ዳር፥ ከባሕር በላይ 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ በኦስትርያ ወሰን አጠገብ ተቀምጣለች። በምሥራቅ በኩል ካርቬንደል የሚባለው የድንጋይ ተራራ እንደ ቅጥር ቀጥ ብሎ ቆሞባታል፤ ከጫፎቹም አንዱ 2,385 ሜትር ከፍታ አለው። የሚኖሩባት ሰዎች ከ7,000 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። በባቫሪያ ሥርዐት ከመንደር የምትበልጥ ከዋና ከተማ ግን የምታንስ፥ ገበያ ለማቆም ከጥንት ጀምሮ መብት የተሰጣት ቦታ «ማርክት» ትባላለች፤ ትርጕሙም ገበያ ማለት ነው። ሚተንቫልድም እስከ ዛሬ በዚህ ማዕረግ ትጠራለች።

መንገደኛው ወደ ከተማዪቱ ሲገባ አስቀድሞ የሚያስደንቀው የቤቶቹ ግድግዳ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች ከመሠረታቸው እስከ ጣራቸው ሥዕል ተሥሎባቸዋል። በአንዱ ቤት ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች፤ በሌላው ላይ ቅዱስ ፍሎርያን በሚነድ ቤት ላይ ውኃ ሲያፈስ ይታያል፤ የአገሩ ሰዎች ከእሳት ይጠብቀናል ብለው ያምናሉና። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የተሣሉት በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከሠዐሊዎቹም አንዱ ፍራንትስ ካርነር የሚባል የከተማዪቱ ሰው ነበረ።

የዚህ ሥዕል አሠራር ሊስተዋል የሚገባው ነው። ግንበኛው ግድግዳውን በኖራ ይለስነዋል፤ ሠዐሊውም ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ ቀለሙን ያኖርበታል። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ወደ ራሱ ስቦ ይይዘዋል፥ ከእርሱም ጋር አንድ ሆኖ እንደ ድንጋይ ይጠናል። ስለዚህ ግንበኛው በአንድ ቀን የሚለስነው ሠዐሊው በዚያው ቀን ሊፈጽመው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ልስኑ ከደረቀ በኋላ የተቀባ ቀለም ግን ላዩን ብቻ ስለሚይዝ ፀሓይና በረዶ ፈጥነው ያረግፉታል። እነዚህ ሥዕሎች ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸው በየጊዜው እየታደሱ እስካሁን ቆይተዋል። የሕፃንነት ዘመን እንደ እርጥብ ልስን ነው፤ በዚያን ጊዜ የተጻፈ ትምህርት ከሰው ጋር ይኖራል፤ ዘግይቶ የመጣ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ይህች በተራራ መካከል ያለች ትንሽ ቦታ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የምትሠራበት ሀብት ከወዴት አገኘች? ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ከቬኒስ ወደ ጀርመን ከተሞች የሚወስደው የንግድ መንገድ በዚህ ሸለቆ ያልፍ ነበር። ቬኒሳውያን ከምሥራቅ አገር በመርከብ ያመጡትን ቅመም፥ ሐርና ጥጥ በዚህ መንገድ ወደ አውግስቡርግና ወደ ሌሎች ከተሞች ይልኩ ነበር። ትልቁ ገበያቸው ከተራሮቹ በስተደቡብ ቦትሰን በሚባል ከተማ ይቆም ነበር፤ ዛሬ ኢጣልያኖች ቦልዛኖ ይሉታል። በ1487 ዓ.ም. የቲሮል ገዢ ዚግሙንድ ከቬኒስ ጋር ተጣላና ወደ ቦትሰን ገበያ የመጡትን የቬኒስ ነጋዴዎች አሳሰረ፥ ዕቃቸውንም ያዘ። ከዚያ በኋላ ቬኒሳውያን ገበያቸውን ወደ ሚተንቫልድ አዛወሩ።

ገበያውም በሚተንቫልድ 190 ዓመት ያህል ቈየ። ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን በከተማዪቱ መጋዘን ማራገፍ ነበረበት፤ የከተማዪቱም ሰዎች በየተራቸው በሠረገላ ይጭኑት ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄደውን ደግሞ ግንድ ከግንድ ጋር አስረው በኢዛር ወንዝ ላይ እያንሳፈፉ እስከ ሙኒክ ያደርሱት ነበር። ባለ ሠረገላው፥ ባለ ማደሪያው፥ አንጥረኛው፥ ኮርቻ ሠሪው ሁሉ ከገበያው ይበላ ነበር። አባቶች ይህን አይተው ነበር፤ አያቶችም አይተውት ነበር፤ ስለዚህ ገበያው ይቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ነገር ግን በ1679 ዓ.ም. ገበያው ወደ ቀድሞው ቦታው ወደ ቦትሰን ተመለሰ። ሚተንቫልድ ገበያውን ያገኘችው በሌሎች ጠብ ነበረ፤ ያጣችውም በሌሎች ፈቃድ ሆነ። ሥዕል የተሣለበት ግድግዳ አይበላም፤ ተራራውም ድንጋይ እንጂ እርሻ አልነበረም። ልጆቿ ተበትነው እንዳይቀሩ የሚያሠጋ ጊዜ ደረሰባት።

በዚያ ዘመን ማቲያስ ክሎትስ የሚባል የከተማዪቱ ልጅ ነበረ። በ1653 ዓ.ም. ተወለደ፤ አባቱ ልብስ ሰፊ ነበረ። ማቲያስ ገና ወጣት ሳለ ተራሮቹን ተሻግሮ ወደ ኢጣልያ ሄደ፤ ከ1672 እስከ 1678 ዓ.ም. በፓዶቫ ከተማ ፒየትሮ ራይሊክ በሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ቤት ይሠራ ነበር። በዚያም ሉት የሚባለውን እንደ ክራር በጣት የሚመታ መሣሪያ መሥራትን ተማረ። ፓዶቫ ሀብታም ከተማ ነበረች፤ ሥራ ያወቀ ሰውም በዚያ እንጀራ አያጣም ነበር። እርሱ ግን በ1680ዎቹ ዓመታት ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ የሥራ ቤት አቆመ፥ ቫዮሊንም መሥራት ጀመረ። ገበያው በሄደበት መንገድ ጥበብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ክሎትስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ እያየው ያላስተዋለውን ሀብት አገኘ፤ ይህም እንጨቱ ነበረ። በከፍተኛው ተራራ ላይ የሚበቅለው የጥድ ወገን የሆነ ረጅም ዛፍ ከብርዱ የተነሣ በየዓመቱ የሚያድገው ጥቂት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ውስጡ ቀለበት በቀለበት ላይ የተጠጋጋ ይሆናል፤ እንጨቱ ቀላል ሆኖ ጽኑ ነው፥ ድምፅንም በደኅና ያስተላልፋል። በሜዳ ላይ በምቾት ፈጥኖ ያደገ ዛፍ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። የማሲንቆ ድምፅ ከቆዳው እንደሚወጣ፥ የቫዮሊንም ድምፅ ከዚህ እንጨት ይወጣል።

የሥራው ትዕግሥት ብዙ ነው። እንጨቱ ተሰንጥቆ በጥላ ሥር ብዙ ዓመት ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ሠሪው የፊቱን ሳንቃ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ድረስ ይፍቀዋል፤ እየፋቀም በጣቱ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ጀርባውንና ጐኑን አሆርን ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠራዋል፤ አንገቱንም በጫፉ እንደ ቀንድ አውጣ ጠቅልሎ ይቀርጸዋል። ሰባ ያህሉን ክፍል በሙጫ ያጋጥመዋል፤ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባዋል፥ በየቅቡም መካከል እስኪደርቅ ይጠብቃል። በውስጡ ከፊቱና ከጀርባው መካከል ጣት የምታህል ትንሽ እንጨት ትቆማለች። ይህች እንጨት በሙጫ አትያዝም፥ ከውጭም አትታይም። ኢጣልያኖች ግን ስሟን «ነፍስ» ብለው ጠርተዋታል፤ እርስዋ ከወደቀች መልኩ ያማረ ቫዮሊን ሁሉ ድምፁ ይሞታልና።

ክሎትስ የተማረውን ለብቻው አልደበቀም። ልጆቹን አስተማረ፤ ሥራውም ከቤቱ ወደ ጎረቤቱ፥ ከጎረቤቱም ወደ ከተማው ሁሉ ተላለፈ። ከልጆቹም ሴባስትያን ክሎትስ እጅግ የታወቀ ሠሪ ሆነ። ሞዛርት የሚባለው ታላቅ የዜማ ደራሲ በጉባኤ የሚጫወትበት ቫዮሊን የዚህ ቤተሰብ ሥራ እንደ ነበረ ይነገራል። የከተማዪቱ ሰዎች ቫዮሊኖቻቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገዳማት፥ ወደ መሳፍንት ቤትና ወደ ሩቅ ገበያ ሁሉ ይሄዱ ነበር። ቀድሞ ገበያ ወደ እነርሱ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ግን እነርሱ ወደ ገበያ ሄዱ። ማቲያስ ክሎትስ በ1743 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሲሞት ሥራው በብዙ እጆች ላይ ጸንቶ ነበረ።

ይሁን እንጂ ሁለተኛ ፈተና ደረሰ፤ ይህም ከውስጥ የመጣ ነው። ቫዮሊኖቹን እየሰበሰቡ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች እየበረቱ ሄዱ፤ ሠሪዎቹም በእነርሱ ሥር ወደቁ። አንዱ አንገት ብቻ፥ አንዱም ሳንቃ ብቻ እየሠራ በቍጥር ይከፈለው ጀመር። ብዙ የሠራ ጥቂት ይበልጥ ያገኝ ስለ ነበረ መቸኰል ሆነ፤ በመቸኰልም የሥራው ክብር ዝቅ አለ። ሙሉ ቫዮሊን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሥራት የሚችሉ ሰዎች ጥቂት ሆኑ። ስለዚህ የባቫሪያ ንጉሥ ዳግማዊ ማክሲሚልያን በ1858 ዓ.ም. በሚተንቫልድ የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት እንዲቆም አደረገ። ይህ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ ወጣቶችም ከሦስት ዓመት በላይ ተቀምጠው ሥራውን በሙሉ ይማሩበታል። ድኻ ሠሪዎችን ከመርዳት ይልቅ ልጆቻቸውን ማስተማር የጠለቀ መድኀኒት እንደ ሆነ በዚህ ታየ።

ዛሬ መንገደኛ ወደ ሚተንቫልድ ሲሄድ ከ1738 እስከ 1740 ዓ.ም. የታነጸውን የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን ያያል፤ የደወሉም ግንብ ከውጭ በሥዕል የተሸለመ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የማቲያስ ክሎትስ የናስ ሐውልት ይገኛል። የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሐውልት በየአገሩ ብዙ ነው፤ በዚህ ስፍራ የተከበረው ግን የልብስ ሰፊ ልጅ፥ የእጅ ሠራተኛ ነው። በ1930 ዓ.ም. የተከፈተው የቫዮሊን ቤተ መዘክርም የቀድሞዎቹን ሠሪዎች መሣሪያ ይዟል። ተራራውን መውጣት የሚወድ ሰው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በገመድ በሚጐተት ሠረገላ ወደ ካርቬንደል ይወጣል። ታላቁ ጸሓፊ ጎተም ወደ ኢጣልያ ሲሄድ በመስከረም ወር 1786 ዓ.ም. በዚህች ከተማ አድሮ አልፏል።

ብልኅ መንገደኛ በእንዲህ ያለ አገር ሲገባ ሥርዐት አለው። የአገሩ ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ «ግሪስ ጎት» ይባባላሉ፤ «እግዚአብሔር ይባርክህ» እንደ ማለት ነው፤ እንግዳውም ይህን ሰላምታ መመለስ ይገባዋል። ሥዕል ያለበት ቤት ሰው የሚኖርበት ቤት እንጂ ትርኢት እንዳልሆነ ያስባል፤ በመስኮት አሾልኮ አያይም። በሠራተኛው ደጅ ሲቆምም ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት አሠራሩን ይጠይቃል፤ ሠራተኛ ከገንዘቡ ይልቅ ሥራውን የሚያውቅለትን ሰው ይወዳልና።

የዚህች ከተማ ታሪክ ለወጣቶች ታላቅ ትምህርት ነው። በመንገድ የሚመጣ ሀብት በመንገድ ይሄዳል፤ በእጅና በልብ የተያዘ ጥበብ ግን ነጋዴ አይወስደውም፥ ገዢም አያዛውረውም። ወደ ሩቅ አገር ሄዶ መማር መልካም ነው፤ የተማሩትን ይዞ መመለስ ከዚያ ይበልጣል፤ ለሌላው ማስተማር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ክሎትስ ያወቀውን ደብቆ ቢሆን ኖሮ እርሱ ብቻ በልቶ ሥራው ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር። ደግሞም ሰው በቫዮሊን ውስጥ እንዳለችው ትንሽ እንጨት ነው፤ ማንም ባያየው በተሰጠው ስፍራ ጸንቶ ሲቆም የሌላው ሁሉ ድምፅ በእርሱ ያምራል።

ጥያቄ

1. የቬኒስ ነጋዴዎች ገበያቸውን ወደ ሚተንቫልድ ያዛወሩት ስለ ምንድን ነው?
2. ሠዐሊው ልስኑ እርጥብ ሳለ የሚሥለው ለምንድን ነው? ይህስ ለምን ነገር ምሳሌ ሆነ?
3. በተራራ ላይ በብርድ ያደገ ዛፍ ለቫዮሊን ሥራ የሚመረጠው ስለ ምንድን ነው?
4. በመቸኰል የሥራ ክብር እንዴት ዝቅ አለ? መድኀኒቱስ ምን ሆነ?
5. ማቲያስ ክሎትስ በፓዶቫ ቢቀር ኖሮ የከተማዪቱ ዕድል ምን ይሆን ነበር? አስበህ መልስ።