ወንድምን በፍቅር ስለ መገሠጽ፥ ተግሣጽንም በትሕትና ስለ መቀበል

ወንድምን መገሠጽ ለክርስቲያን ከባድ ሥራ ነው፤ ተግሣጽን መቀበል ግን ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሁለቱንም ትተን ሦስተኛ መንገድ አበጅተናል፤ እርሱም አሽሙር ነው። ባልንጀራችን ሲስት ባየነው ጊዜ ይሉኝታ ይዞን ፊት ለፊት አንነግረውም፤ ነገር ግን ስለ ሌላ ሰው የምናወራ መስለን እርሱ እንዲሰማው እንናገራለን። ቢቈጣም «አንተን ማን ተናገረህ?» ብለን እንክዳለን። እንዲህ ያለው ቃል ያቈስላል እንጂ አይፈውስም።

እኔም ይህን ያወቅሁት በራሴ በደል ነው። ወንጌልን ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን በጉባኤያችን አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ቁናቸው ጎደሎ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ወደ ቤታቸው መሄድ ፈራሁ፤ በእሑድ ቀን ግን ስለ ሐሰተኛ መስፈሪያ ሰበክሁ። ስም አልጠራሁም፤ መጥራትም አላስፈለገኝም፤ የሁሉ ዓይን ወደ እርሳቸው ዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጉባኤ አልመጡም፤ እኔም እውነትን ስለ ተናገርሁ ነው ብዬ በልቤ ተመካሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ማታ ወደ ቤቴ መጡ። ፊደል አያውቁም። እንዲገቡም ሳልጋብዛቸው በደጅ እንደ ቆሙ «ልጄ፥ የተናገርኸው ቃል እውነት ነው፤ የተናገርኸው ግን ለእኛ ነው፤ ለእርሳቸው አልነገርሃቸውም» አሉኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ። እኔም ተቈጣሁ፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት ይህን ያህል ዓመት የተማርሁትን ሰው እኚህ ሴት ሊያስተምሩኝ ነውን? አልሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በነጋውም ወደ ነጋዴው ሄጄ «አስቀድሜ ወደ እርስዎ መምጣት ይገባኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ቁናውን አውጥተው አሳዩኝ፤ እንዲህም አሉኝ፦ «አፉ ተበልቶ ነበርና ዙሪያውን ቆርጬ አስተካከልሁት። እንዳነሰ ዐውቄ ዝም አልሁ። ብቻዎን መጥተው ቢነግሩኝ ኖሮ በዚያው ቀን እተወው ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ከተናገሩ በኋላ ግን መተዉ ሌብነቴን ለአገሩ ሁሉ እንደ ማመን ሆነብኝ፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ሰፈርሁበት።» እኔ ኃጢአታቸውን የገለጥሁ መስሎኝ የንስሐቸውን በር ዘግቼ ኖሬአለሁ።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ያስተማረውን ሥርዓት እናስተውል። አስቀድሞ ለበደለን ወንድም ለብቻው መንገር ነው፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ ነው፤ ያንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን መናገር ነው። እኛ ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ እንዲያውም ለቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ለገበያ አስቀድመን እንነግራለን።

ምናልባት «ነቢዩ ናታንስ ንጉሥ ዳዊትን በምሳሌ አልተናገረውምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለ ባለጠጋው ሰውና ስለ ድሀው አንዲት በግ ነገረው፤ ዳዊትም በዚያ ባለጠጋ ላይ እጅግ ተቈጣ። ይህ የአገራችንን ቅኔ ይመስላል፤ ሰምም ወርቅም አለው። ነገር ግን ናታን ሰሙን ብቻ ተናግሮ አልሄደም፤ ያ ሰው ንጉሡ ራሱ እንደ ሆነ ፊት ለፊት ገለጠለት። አሽሙር ተናጋሪ ግን ወርቁን ደብቆ ይሄዳል። ናታን ሊያስገድለው በሚችል ንጉሥ ፊት ቆመ፤ አሽሙር የሚናገር ሰው አንዳች እንዳይነካው ራሱን ይጠብቃል።

በአንጾኪያም ጳውሎስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ገሥጾታል። የዚያ ስሕተት ግን በሁሉ ፊት የተደረገ፥ ሌሎችንም ያሳተ ነበር፤ የተሰወረውን በአደባባይ ለማውጣት ምክንያት አይሆነንም።

ተግሣጽን ስለ መቀበል አጵሎስን አስቡ። የእስክንድርያ ሰው፥ አንደበቱ የተባ፥ መጻሕፍትንም ጠንቅቆ ያወቀ ነበረ፤ ነገር ግን ከዮሐንስ ጥምቀት በቀር አላወቀም። በኤፌሶን ምኵራብ ሲያስተምር ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት፤ እነርሱም ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። በጉባኤው መካከል እንዳሳፈሩት አልተጻፈም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የጎደለውን አስረዱት። እርሱም እንደ ተቈጣ አልተጻፈም፤ ወደ አካይያ ሄዶ አማኞችን እጅግ እንደ ጠቀመ እንጂ። በአገራችን ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን፥ ቀጥቃጩንም ስንንቅ ስለ ኖርን፥ ይህ ታሪክ ለእኛ የሚነግረን ነገር ይበልጣል ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ተግሣጽ በመጣብን ጊዜ «ማን ነገረህ?» ብለን አንጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ ነገሩን ከራሳችን ወደ ሌላ ሰው ማዞሪያ ነው። ከተነገረን አሥር ነገር ዘጠኙ ሐሰት ቢሆን እንኳ አንዱን ይዘን ወደ ጸሎት እንግባ፤ ስለ ዘጠኙ መከራከር ለነገ ይቈየን።

ነጋዴው ወደ ጉባኤ የተመለሱት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ አዲስ ቁናም አሠርተው ነበር። እኔን ግን ብዙ ዘመን ከሩቅ ሰላምታ ብቻ ይሰጡኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። አሮጊቲቱም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሊገሥጹኝ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ቤት አስገብቼ በርጩማ አቀረብሁላቸው።