ስለ ምስር ሳምቡሳ አሠራር

በዘይት የሚጠበስ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በውሃ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ዘይት ጠጥቶ የከበደ፣ ማእዘኑ ተከፍቶ ምስሩን በመጥበሻው ውስጥ የበተነ፣ ከእሳት ከወጣም በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የላሸቀ ሳምቡሳ የገጠመው ሰው፣ ጥፋቱን በዘይቱ ወይም በእሳቱ ላይ ያሳብባል እንጂ፣ ምስሩ ውሃውን ሳይጨርስ፣ ሽንኩርቱም ፈሳሹን ሳይተው በሊጥ መጠቅለሉን ልብ አይለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውሃን በየደረጃው ማስወገድ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሳምቡሳ በፋርስ፣ በዐረብና በሕንድ አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መብል ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንድን የጎበኘው መንገደኛ ኢብን ባቱታ፣ የተከተፈ ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከቅመማ ቅመምና ከልዩ ልዩ ፍሬ ጋራ ተደባልቆ፣ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎና ተጠብሶ በዴልሂው ሱልጣን ማዕድ ላይ ይቀርብ እንደ ነበረ ጽፏል። እኔ ግን ስለ ምስሩ መጻፍን የመረጥሁት፣ በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ መልስ እህል ለሚቀምሰው ምእመንም፣ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚያፈጥረው ሙስሊም ጎረቤቱም በአንድ ትሪ ሊቀርብ የሚችል፣ ማንንም ከማዕድ የማያርቅ ምግብ በመሆኑ ነው።

ለ32 ሳምቡሳ የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 350 ግራም ድፍን ምስር፣ ሦስት መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ወይም ስድስት ቃሪያ፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ እንዲሁም ለመጥበሻ የሚሆን አንድ ሊትር ያህል ዘይት ነው። ክክ ምስር ለወጥ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲቀቀል ይሟሟልና። ስለ ዘይቱም የተጣራ የሱፍ ዘይት ይሻላል እላለሁ፤ የኑግ ዘይት በወጥ ውስጥ የራሱ ክብር ያለው ቢሆንም፣ በዚህ ሥራ ግን ሽታው የምስሩን ጣዕም ይሸፍነዋል።

ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ ብዙ ውሃ ባለበት ድስት ይጣዳል። ከፈላበት ጊዜ ጀምሮ 15 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ግን ከአጠገቡ መራቅ አይገባም፤ አንዲቱን ፍሬ አውጥቶ በሁለት ጣት መጫን ነው፤ ውስጧ ለስልሶ ሳለ ልጣጯ ያልተተረተረ እንደ ሆነ፣ ያ ጊዜ ድስቱ የሚወርድበት ትክክለኛው ጊዜ ነው። ከዚያ በወንፊት ይጠልና በትሪ ላይ በተነጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ስስ ሆኖ ይሰጣል፤ የገዛ ትኩሳቱ እርጥበቱን በእንፋሎት እንዲያወጣለት፣ ሳይከደን እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ችኮላ ያለበት ሰው ይህን ደረጃ መዝለል ይቃጣዋል፤ ነገር ግን በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋራ በሁለት ማንኪያ ዘይት ይቁላላል፤ ፈሳሹን ጨርሶ ይለስልስ እንጂ አይቅላ። ቃሪያው ግን ፍሬው ወጥቶ በጥሬው ይከተፋል፤ መዓዛው የሚጠበቀው እንዲህ ሲሆን ነው። ሁሉም ከቀዘቀዘው ምስርና ከቁንዶ በርበሬው ጋራ ይደባለቃል። ጨው የሚገባው በመጨረሻ፣ ሊጠቀለል ጥቂት ሲቀረው ብቻ ነው፤ ጨው ከአትክልት ውስጥ ውሃን የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ቀድሞ የገባ እንደ ሆነ የደረቀውን ሁሉ መልሶ ያረጥበዋል።

ሊጡ የሚለወሰው ምስሩ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ዱቄቱ ከጥቂት ጨውና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋራ ተደባልቆ፣ ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እየተጨመረበት፣ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር እስኪል ድረስ 10 ደቂቃ ያህል በደንብ ይታሻል፤ ከዚያም እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ እንደ ተፈለገውም አይሳሳም።

ያረፈው ሊጥ በ16 ድቡልቡል ይከፈላል። እያንዳንዱ በመዳመጫ የስኒ ማስቀመጫ እስኪያክል ድረስ ከተዘረጋ በኋላ፣ የአንዱ ፊት ዘይት ተቀብቶ ዱቄት ይነሰነስበትና ሁለተኛው ይደረብበታል፤ ጥንዱም አንድ ላይ ሆኖ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ ይዳመጣል። ይህ ጥንድ ቂጣ መካከለኛ ሙቀት ባለው ደረቅ ምጣድ ላይ በእያንዳንዱ ገጽ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይገላበጣል፤ የሚፈለገው ጥሬ መልኩን ለቅቆ እንዲነጣ እንጂ እንዲበስል አይደለም፤ ቡናማ ነጥብ ከታየበት ደርቋልና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከምጣዱ እንደ ወጣ ገና ትኩስ ሳለ ሁለቱ ይላቀቃሉ። በጣት ጫፍ ከዳር ተይዞ ሲሳብ፣ በመካከሉ የታፈነው እንፋሎት ቱፍ ብሎ ይወጣል፤ ቂጣውም ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የሳሳ ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱ መሀል ለመሀል ለሁለት ተቆርጦ፣ እንዳይደርቅ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ለማጣበቂያ አንድ ማንኪያ ዱቄት በሁለት ማንኪያ ውሃ ይበጠበጣል። ግማሽ ክቡ ቂጣ፣ ቀጥ ያለው ጠርዙ ወደ ሠሪው ዞሮ ይዘረጋል፤ በቀጥታው ጠርዝ ላይ ማጣበቂያ ተቀብቶ የቀኙ ጫፍ ወደ መካከል ይታጠፋል፤ የግራውም በላዩ ተደርቦ ሲጣበቅ እንደ ቀንድ ያለ ዋንጫ ይሆናል። ይህም በግራ መዳፍ ተይዞ ሁለት ማንኪያ ምስር ይጨመርበታል፤ አፉ ላይ አንድ ጣት ያህል ቦታ ይተርፋል፤ ተቀብቶም ይዘጋል። የታችኛውን ሹል ጫፍ በተለይ መመልከት ይገባል፤ ቀዳዳ ካለው ዘይቱ የሚገባው በዚያ ነውና፣ በጥቂት ማጣበቂያ ይደፈናል።

ዘይቱ ጎድጎድ ባለ መጥበሻ ይጣዳል፤ ከመጥበሻው ግማሽ ግን ማለፍ የለበትም። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ድረስ ይጠብቅ፤ የሌለው ደግሞ አተር የምታህል ሊጥ ይጣልበት፤ ወደ ታች ወርዳ ወዲያው በአረፋ ተከብባ ከተንሳፈፈች ደርሷል፤ እንደ ገባች ከጠቆረች እሳቱ በዝቷል፤ ከታች ከቀረችም ገና ነው። በአንድ ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት በላይ አይጨመርም፤ ብዙ ሲገባ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሽፋኑ ሳይደርቅ ዘይት ይጠጣል። በጭልፋ እየተገላበጠ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይቆያል። እዚህ ላይ ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ይሠራል፤ በመጀመሪያ የሚሰማው ብርቱ ጩኸት ከሽፋኑ የሚሸሸው ውሃ ድምፅ ነው፤ ጩኸቱ ሲቀንስ፣ አረፋውም ሲሳሳ፣ መልኩም ወርቅማ ሲሆን ይወጣል።

የምግብ ዘይት እሳት ቢይዘው ውሃ ከቶ አይደፋበትም። ውሃው ከዘይቱ በታች ሰጥሞ በቅጽበት እንፋሎት ስለሚሆን፣ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋልና፤ ምድጃው ይጠፋል፣ መጥበሻው በክዳን ይታፈናል፣ እስኪቀዘቅዝም አይነካም። በሚጠበስበት ሰዓት ሁሉ ልጆች ከምድጃው አካባቢ ይራቁ፤ የመጥበሻው እጀታም ወደ ውስጥ ይዙር።

የወጣው ሳምቡሳ በወንፊት ላይ ጎን ለጎን ይደረደራል እንጂ አይቆለልም፤ አይከደንምም፤ የራሱ እንፋሎት መልሶ ያላሽቀዋልና። ለፍስክ ቀን የሚሠራው በተፈጨ ሥጋ ሲሆን፣ ሥጋው ውሃውን ፈጽሞ እስኪጨርስ ድረስ አስቀድሞ መብሰሉ ብቻ ይለየዋል። የተረፈው ሳምቡሳ በማግስቱ በደረቅ ምጣድ፣ በዝግታ እሳት ቢሞቅ ጥርቅርቅታው ይመለሳል። ዘይቱም ሲቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ ተጠልሎ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፤ ከጠቆረ፣ አረፋው አልበርድ ካለ፣ ወይም ሳይግል መጨስ ከጀመረ ግን ይወገዳል።